መንገድ ተዘግቷል፦ የማዛትላን የስምንት ቀን ማስታወሻ

እሑድ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 (ጃንዋሪ 1፣ 2023)

ከዴንቨር ስንነሳ በረዶ ይጥላል። ፊኒክስ ላይ አውሮፕላን ቀይረን የሜክሲኮዋ የባሕር ዳር ከተማ ማዛትላን ስንደርስ ጃኬታችንን የምናደርግበት ጠፋን። ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነው። ከአውሮፕላኑ በር ብቅ እንዳለች "አባዬ፣ ሙቀቱን ማን ከፈተው?" አለችኝ። ማሞቂያ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ፀሐይንም የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ያለ ይመስለዋል።

ጉዞው የባለቤቴ ሐሳብ ነው። አብራት የምትሠራ አንዲት የማዛትላን ልጅ ስለ አገሯ አውርታ አውርታ አሳመነቻት። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰሞን ፈቃድ ጠይቄ ተከልክያለሁ፣ ዘንድሮ ተሰጠኝ። ሐሳባችን ሐሙስ ተመልሰን ገናን ቤታችን ልንውል ነው። ባለቤቴ የዶሮውን ቁሌት ሠርታ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣ ነው የወጣችው። ይቺን ቁሌት ያዙልኝ።

ከመምጣታችን በፊት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ አካባቢው የሚለውን አይቼ ነበር። ማዛትላን ያለችበት ሲናሎአ ክፍለ ግዛት "አትሂዱ" ከሚባሉት አንዷ ናት። ለማዛትላን ግን ቀዳዳ ትተውላታል፦ የመንግሥት ሠራተኞቻቸው በአየር ወይም በባሕር ከመጡ፣ ከሆቴሎቹ ሰፈርና ከአሮጌው ከተማ ካልወጡ ይፈቀድላቸዋል። ለባለቤቴ ያነበብኩላት ስለ ቀዳዳው ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24 (ጃንዋሪ 2)

ባሕር፣ አሸዋ፣ እንቅልፍ። ችግሩ ምግብ ነው። ባለቤቴ የነቢያትን ጾም ትጾማለች፣ የመጣነው ደግሞ የሽሪምፕ አገር ነው። ጥሬ ሽሪምፕ በሎሚና በቃሪያ ለውሰው ያቀርባሉ። የዓሣ ነገር በጾም ድሮም ክርክር ነው፣ ሽሪምፕ ግን ፍስክም ቢሆን ለእናቴ ልጅ አይሆንም። በየገበታው የሚመጣ የተፈጨ አደንጓሬ አለ። ሽሮ ሽሮ ይላል፣ ትናንት ማታ ሁለት ሰሃን በልታለች። ዛሬ ጠይቀን ስንረዳ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። ማንኪያዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

"ሳያውቁ የበሉት አያስገድፍም" አልኳት።

"መቼ ነው የቀሰስከው?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የምትበላው አቮካዶ ቶርቲያ በሚሉት ቂጣ ነው። ሚጥሚጣዋን በቦርሳዋ ይዛለች፣ ሌላ ማን ያድናታል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 25 (ጃንዋሪ 3)

ፑልሞኒያ የሚሉት ታክሲ አላቸው። ባጃጅና የጎልፍ መኪና ቢጋቡ የሚወለደው ነገር ነው። በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ሙዚቃው ግን ከሩቅ ይሰማል። ስሙ "የሳንባ ምች" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጀምሩ የሌሎቹ ታክሲዎች ሹፌሮች "በዚያ የሄደ ብርድ ይመታዋል" እያሉ ደንበኛ ሊያሸሹባቸው ያወጡት የስድብ ስም ነው አሉ። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ።

የእኛ ሹፌር ስድሳ ያለፈው ሰውዬ ነው። በወጣትነቱ ካሊፎርኒያ ወይን ሲለቅም የተማረው እንግሊዝኛ አለው። የአውቶቡስ ሹፌር መሆኔን ስነግረው "እንግዲያው ከፊት ና" ብሎ ጎኑ አስቀመጠኝ። ስለ ፍሬን፣ ስለ ተሳፋሪ፣ ስለ ወገብ ሕመም አወራን። የሹፌር ወሬ የትም አንድ ነው።

ማሌኮን የሚሉት የባሕር ዳር መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። መሐል ላይ አንድ ረዘም ያለ የመኖሪያ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመ። "እዚህ ነው የያዙት" አለ። ማንን ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም። የሲናሎአ ካርቴል የሚባለውን የዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን ይመራ የነበረውን ኤል ቻፖ ጉዝማንን የሜክሲኮ ባሕር ኃይል በፌብሩዋሪ 22፣ 2014 ማለዳ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ያዘው። "ፎቶ አንሱ፣ ሁሉም ያነሳል" አለን። አነሳን። ልጄ ሁለት ጣቷን አውጥታ ከሕንፃው ፊት ሳቀች።

ከዚያ ገበያ ወሰደን። 701 የሚል ቁጥር የተጠለፈባቸው ኮፍያዎች ተደርድረዋል። ፎርብስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2009 ቻፖን ከዓለም ቢሊየነሮች 701ኛ አድርጎ ስላስቀመጠው ነው። ለሥራ ጓደኞቼ ለቀልድ ይሆናል ብዬ አንዱን አነሳሁ። ባለቤቴ አየችኝ። መለስኩት።

ስንመለስ "የሰውዬው ልጆችስ?" ብዬ ሹፌሩን ጠየቅሁት። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ከኋላችን ማንም የለም። ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 26 (ጃንዋሪ 4)

ከቋጥኝ ላይ ወደ ባሕር የሚዘሉትን ልጆች አየን። ማዕበሉ ወደ ውስጥ እስኪገባ ይጠብቁና ይወረወራሉ፣ ቀድመው ወይም ዘግይተው ቢዘሉ ከሥር ያለው ድንጋይ ነው። ማታ ሻንጣ አሰርን። ለነገ ፑልሞኒያውን ለኤርፖርት ቀጠርኩት። "ከቀኑ 5 ሰዓት በር ላይ ነኝ" አለ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 27 (ጃንዋሪ 5)

ዕለቱ መድኃኔዓለም ነው። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ "በሰላም አግባን" ስትል ሰማኋት።

ቁርስ ቤት ስወርድ ቡናው አለ፣ ዳቦው አለ፣ እንቁላል የሚጠብሰው ልጅ የለም። አስተናጋጆቹ ጥግ ላይ አንድ ስልክ ከበው ቆመዋል። ማንም አያወራም። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። በእኛ 2014 ጥቅምት ደሴ የተያዘች ዕለት፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለ የሐበሻ ቡና ቤት ውስጥ ሰው እንዲህ አንድ ስልክ ከቦ ዝም ብሎ ነበር። እናቴ ደሴ ናት። ከወር በላይ ድምጿን አልሰማሁም። መስመሩ ሲመለስ "ደህና ነን፣ አብሽር" አለችኝ። ሌላ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋት።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል "ኤርፖርቱ ተዘግቷል፣ መንገዱም ተዘግቷል" አለችኝ። መቼ ይከፈታል ስላት ትከሻዋን ሰበቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት ከኩሊያካን ከተማ በስተሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ኼሱስ ማሪያ በምትባል መንደር ወታደሮች ኦቪዲዮ ጉዝማንን ያዙት። የቻፖ ልጅ ነው። ለሚያስይዘው የአሜሪካ መንግሥት 5 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ አዘጋጅቶ ነበር። ሄሊኮፕተር ከላይ፣ መትረየስ ከታች፣ ለሰዓታት ተታኮሱ። ከዚያ የካርቴሉ ታጣቂዎች በየመንገዱ ወጡ። እኛ ከኩሊያካን 220 ኪሎ ሜትር ያህል እንርቃለን። ግን ክፍለ ግዛቱ አንድ፣ አውራ ጎዳናው አንድ፣ ካርቴሉም አንድ ነው።

ይኸው ኦቪዲዮ ኦክቶበር 17፣ 2019 ተይዞ ነበር። ያኔ ታጣቂዎቹ ኩሊያካንን ከበው እሳት ስለለቀቁባት መንግሥት ራሱ መልሶ ለቀቀው። ያም ቀን ሐሙስ ነበር። ቡና የቀዳልኝ አስተናጋጅ "ሐሙስ አይቀናንም" አለኝ።

የመንገድ አዘጋጋታቸውን ልንገራችሁ፣ የሙያዬ ነገር ስለሆነ። ናርኮብሎኬዮ ይሉታል። መሣሪያ የያዙ ወጣቶች አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ያስቆማሉ። ሹፌሩን "ውረድ" ይሉታል። መኪናውን አስፋልቱ ላይ አግድም ያቆሙና እሳት ይለኩሱበታል። በቃ። የነደደ አውቶቡስ በእጅ አይገፋም። ጎማው ቀልጦ ከአስፋልቱ ይጣበቃል፣ የሚያነሳው ክሬን ነው፣ ክሬኑ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በተዘጋው መንገድ ነው። ወታደር ለወታደር እንዳይደርስ በዚህ ያግዱታል። ቪዲዮዎቹን ሳይ ዓይኔ የሚፈልገው ታጣቂዎቹን አይደለም፣ የወረደውን ሹፌር ነው። አንዱ ላይ አየሁት። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰውዬ፣ የምሳ ዕቃውን ይዞ በመንገዱ ዳር ይሄዳል። አይሮጥም። ወደ ኋላም አያይም።

ኤርፖርቱም የተነካው እንዲሁ አይደለም። የተያዘው ሰው በአየር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ እንዳይወጣ ነው። ኩሊያካን ላይ ተሳፋሪ ጭኖ ሊነሳ የተዘጋጀ የኤሮሜክሲኮ አውሮፕላን በጥይት ተመታ። ሰዎች በወንበሮቹ መሐል ወለል ላይ ተኝተው፣ ልጅ ሲያለቅስ የሚያሳየውን ቪዲዮ የሆቴሉ ሰው ሁሉ አይቶታል። ማንም አልተጎዳም። እኛም ጋ በረራ ቆመ። ሰውዬውን ግን ወታደሮቹ አወጡት። ከመሸ አልቲፕላኖ እስር ቤት ገባ አሉ። አባቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሥሩ ዋሻ አስቆፍሮ ያመለጠበት እስር ቤት ነው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ከቀኑ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ፑልሞኒያው ሹፌር ጻፈልኝ፦ "ዛሬ የለም ወንድሜ። ከሆቴል አትውጡ።" እኔ ምን ብዬ መለስኩለት? "እጥፍ እከፍልሃለሁ።" በሩ ላይ በር የሌለው መኪና፣ መንገዱ ላይ የሚቃጠል መኪና፣ እኔ ደግሞ እጥፍ። ኤርፖርቱ መዘጋቱን እያወቅሁ ነው። ደርሼ በሩ ላይ ቆሜ ልጠብቅ ነው ነገሩ። አልመለሰልኝም። ራሴ ሹፌር ሆኜ፣ ራሴ "በዚህ በረዶ አልወጣም" ብዬ ከአለቃ ጋር ተጣልቼ የማውቅ ሰው ሆኜ።

ቀኑ እንዴት እንደዋለ ብትሉኝ፣ አልዋለም። የአየር መንገዱ ስልክ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ዘፈን ሲደጋገም ሰማሁ። ኤምባሲው "ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ" አለ። ባሕር ዳሩ ባዶ ነው። ትናንት መለከታቸውን እየነፉ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚዞሩት፣ ባንዳ የሚሏቸው ሙዚቀኞች የሉም። ሱቆቹ ሳንቃቸውን ዘግተዋል። በዚህ ሁሉ መሐል ሆቴሉ መዋኛው ዳር ቢንጎ አጫወተ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ልጄ ስትስቅ ሳይ ያጫወተችውን ልጅ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ስልክ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ እንግዳ "ሆቴል ውስጥ ገብተዋል" የሚል ቪዲዮ እያሳየ ሰውን አሸበረ። አስተናጋጁ አይቶ "ይሄ የ2019 ነው፣ ከተማውም የእኛ አይደለም" አለው። ሰውዬው አላመነም፣ ለሌላው አሳየ።

ጎረቤታችን ክረምቱን እዚህ የሚያሳልፉ ካናዳዊ ሽማግሌ ናቸው። አልጋቸው ላይ የኢንሱሊን ብልቃጥና መርፌ ደርድረው ይቆጥራሉ። "እስከ ማክሰኞ ይደርሳል" አሉኝ። ከዚያ መጫወቻ ካርታ አወጡ።

ማታ ሰው ሁሉ ስለ "እነሱ" ያወራል። ሜክሲኮዎቹ፣ ነፍሰ ገዳዮቹ። እኔ አፌን ዘግቼ ስለ ሌሊት ፈረቃዬ አሰብኩ። ኋላ ወንበር ተቀምጠው ፎይል ላይ ክኒን የሚያጨሱ ልጆች ይሳፈራሉ። ፈንታኒል የሚሉት ገዳይ ዕፅ ነው። አንድ ሌሊት መጨረሻው ፌርማታ ላይ አንዱ ልጅ አልነሳ አለኝ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። የአምቡላንስ ሰዎች ባፍንጫው መድኃኒት ነፍተው መለሱት። ነቅቶ የጠየቀው ኮፍያውን ነው። ያ ክኒን ከየት ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዋናዎቹ አምራቾች አንዱ ዛሬ መንገድ የዘጋብን ቡድን ነው። ጠመንጃው ደግሞ ብዙው ከእኛ ወደ እነሱ ይወርዳል። ሜክሲኮ በ2021 የአሜሪካን መሣሪያ አምራቾች ቦስተን ድረስ ሄዳ የከሰሰችው በዚህ ነው። እንግዲህ የእኔ አውቶቡስና ያ የተቃጠለው አውቶቡስ አንድ መስመር ላይ ናቸው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 28 (ጃንዋሪ 6)

አማኑኤል ነው፣ የገና ዋዜማ። ለነሱም በዓል ነው። ሦስቱ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ስጦታ ያመጡበት ቀን ብለው ሮስካ የሚባል እንደ ቀለበት የተጋገረ ዳቦ ይቆርሳሉ። ሆዱ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ሕፃን ይደብቁበታል። ሕፃኑ የደረሰው ሰው ፌብሩዋሪ 2 ላይ ለሁሉም ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለውን የበቆሎ ሊጥ፣ ያበላል።

ክፍላችንን የምታጸዳው ሴትዮ ትናንት ቤቷ አልሄደችም። አውቶቡስ የለም። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ፎጣ አንጥፋ አደረች። ልጇ ኩሊያካን ነው የሚኖረው። ይህን የነገረችኝ አንሶላ እየቀየረች ነው። "ተዪው፣ እኛው እንቀይራለን" ብንላት እንቢ አለች። ልጇ በየሰዓቱ አንድ ቃል ብቻ ይልክላታል፦ "ደህና"። ስልኳን አሳየችን። ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ ከላይ እስከ ታች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ምንም አላለችኝም።

ከቀትር በኋላ ሠራተኞቹ ሮስካ አምጥተው ለእንግዳውም ቆረሱ። እንቁላልና ቅቤ አለበት፣ ባለቤቴ ይዛ ብቻ ተቀመጠች። የፕላስቲኩ ሕፃን ለልጄ ደረሳት። የትንሽ ጣቷን ጥፍር ታክላለች፣ ነጭ፣ እጇን ወደ ላይ ያነሳች። ቤቱ በጭብጨባ ደመቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ "ታማሌ አለብሽ፣ ተመልሰሽ ትመጫለሽ" አለቻት። ልጄ ከምር ወሰደችው። "አባዬ፣ ፌብሩዋሪ 2 ሥራ ነህ?"

የመከላከያ ሚኒስትሩ የሟቾቹን ቁጥር ያወጡትም ዛሬ ነው። 10 ወታደሮች፣ 19 ታጣቂዎች። ከወታደሮቹ አንዱ ኮሎኔል ነው፣ የተገደለውም ከእኛ በስተደቡብ እስኩይናፓ በሚባል ቦታ ነው። እኛ ሰሜን ሰሜኑን ስናይ ነገሩ በጀርባችን በኩልም ነበር። ሰው ቁጥሩን ሰማና "ኤርፖርቱስ?" አለ። እኔም ብያለሁ። ሊከፈት ነው ይባላል። ግን የሁለት ቀን ተሳፋሪ ተጠራቅሟል፣ ለእኛ ቦታ የተገኘው ለእሑድ ነው።

እዚህና ኢትዮጵያ 10 ሰዓት እንራራቃለን። እዚህ ቀን 9 ሰዓት ሲሆን የደሴ ቅዳሴ እየተጋመሰ ነው። ባለቤቴ ነጠላ ስላልያዘች የሆቴሉን ነጭ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስልኳን የመስኮቱ ደፍ ላይ አቁማ ቆመች። ልጄ "እማዬ ልትዋኚ ነው?" አለቻት።

ማታ 3 ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች። እዚያ ነግቷል፣ ቅዳሜ ነው፣ ገና ነው። ልጄና ባለቤቴ ስለተኙ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

"እንኳን አደረሰህ የኔ ጌታ። ዶሮው ተሠራ?"

"ቁሌቱ ዝግጁ ነው እማዬ።" ይሄ ውሸት አይደለም።

"ቤት ናችሁ?"

"ቤት ነን።"

ትንሽ ዝም አለች። "ምንድነው የሚጮኸው ከኋላህ?"

"ነፋስ ነው።"

"እንግዲያው ግባ። ብርድ ይመታሃል" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 29 (ጃንዋሪ 7)

ገና። ጠዋት አንድ መለከት ተሰማ። ከዚያ ከበሮ። ባንዳዎቹ ተመልሰዋል። ሱቆቹ ሳንቃቸውን ከፍ አድርገዋል። ወታደር የጫነ ፒክ አፕ በማሌኮኑ በቀስታ ያልፋል፣ አንዷ ሕፃን እጇን ታወዛውዝላቸዋለች።

ሹፌሩን ጻፍኩለት። ይቅርታ የሚለውን በስልኬ ወደ ስፓኒሽ አስገልብጬ፣ ሦስቴ አርሜ። መልሱ "10 ደቂቃ" የሚል ነበር። መጣ። ስለ እጥፉ አላነሳም፣ እኔም በአፌ መድገም አቃተኝ። "ዛሬ የእኛ ገና ነው፣ ዶሮ የምንበላበት ውሰደን" አልኩት። ከሰል ላይ የሚጠበስ ዶሮ የሲናሎአ ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው። ዶሮውን ገልብጠው ደረቱን ይከፍቱና ጠፍጥፈው ፍሙ ላይ ያስተኙታል። አሥራ ሁለት ብልት ብሎ ነገር የለም። ባለቤቴ አማትባ ሚጥሚጣዋን አወጣች። ሹፌሩ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ቃሪያ የለመደ ሰው ነው፣ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ይሄንን ወደ ድንበር እንዴት አሳለፋችሁት?" አለ፣ የሳቅነው ያኔ ነው።

ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፈ ጠየቅሁት። መኪናውን ግቢ አስገብቶ በር ስለሌለው በአንሶላ ሸፈነው። ወንበር አወጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ሊቀሙት ቢመጡ ሊከለክል? "አይደለም" አለ፣ "ቁልፉን ልሰጣቸው ነው። ሰው ከሌለ የግቢውን በር ይሰብሩታል። በሩ ከመኪናው ይወደዳል።"

እሑድ፣ ታኅሣሥ 30 (ጃንዋሪ 8)

ወደ ኤርፖርት ስንወጣ አስፋልቱ ላይ አንድ ጥቁር ክብ አየሁ። መሐሉ ላይ የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ አለ። የጎማ ሽቦ ነው። ሹፌሩ ዞር ብሎ አለፈው፣ እንደ ጉድጓድ።

ኤርፖርቱ ውስጥ ሰልፉ ከበር ይወጣል። ሻንጣ ላይ የተኙ ልጆች፣ ጫማቸውን ያወለቁ አሮጊቶች፣ የደረቀ ሳንድዊች በ12 ዶላር። ቴሌቪዥኑ ባይደን ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ እንደሚገቡ ያወራል፣ የአሜሪካ፣ የሜክሲኮና የካናዳ መሪዎች ሊሰበሰቡ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ዛሬ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ሳንሰናበታት ወጣን። ከትራሱ ሥር ያኖርንላትን ብር ማን እንዳገኘው እግዜር ይወቅ።

ፍተሻው ላይ ልጄ ኪሷን አራግፊ ተባለች። ማስቲካ፣ ዛጎል፣ የፕላስቲኩ ሕፃን። ወታደሩ ሕፃኑን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው። የተጫነው ጠመንጃ ቁመቱን ያክላል፣ ዕድሜው ሃያ አይሞላም። "ታማሌ!" አላት። መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ፊኒክስ፣ ከዚያ ዴንቨር። ቤት ስንገባ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። በረዶው ደረጃውን ሸፍኖታል። ባለቤቴ ኮቷን ሳታወልቅ ፍሪዘሩን ከፈተችና ቁሌቱን አወጣች፣ ድንጋይ ሆኗል። ድስቱ ላይ ሲወድቅ ቀው አለ። ስልኬ ጠራ። ደሴ ጠዋት ነው።

"ገባችሁ?" አለችኝ እናቴ።

"የት እማዬ?"

"ቤታችሁ ነዋ። ዴንቨር ከመቼ ወዲህ ነው ባሕር ያለው?"